አያ አሕመዲን ቤት አልገባም ያሉበት ክረምት

ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ ልብስ ሰፊው ቢተው ደግሞ የምሰፋው ጨርቅ ሳጣ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ። ከደሴ መኪና ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው አሉ። ይህ የልክ መመዝገቢያ ደብተሬ ነው። ከፊቱ የመካነ ሰላም ሰው ወገብና ትከሻ ተጽፏል፤ ከጀርባው እኔ ልግባበት።

ክረምቱ ከብዷል። ጉሙ ጎህ ሲቀድ ከአባይ ቆላ ይነሣና ዳገቱን ወጥቶ ከተማውን ይሸፍነዋል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው መጋዘን አይታይም። ሳል ብቻ ይሰማል። ባለቤቱ ሳይታይ ሳሉ ብቻውን መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ ይገባል። የአያ አሕመዲን ሳል ነው።

አያ አሕመዲን ሰማንያ ባይሞላቸው ነው። በተዘጋው መጋዘን በረንዳ ላይ ማደር ከጀመሩ ሁለተኛ ክረምታቸው። ሚስታቸው ዘሊካ ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም፤ ቤታቸውን አምና ዝናብ አፈረሰው። ቀን ቀን ቃጫ እየፈተሉ ገመድ ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን ሸጠው ዳቦና ሻይ ይገዛሉ። ከሰው እጅ ግን ምንም አይቀበሉም። ጎረቤት ተሰብስቦ ቤትዎን በደቦ እንሥራልዎ ቢላቸው "አላህ ይስጣችሁ" ብለው ቃጫቸውን መፍተል ቀጠሉ።

ዛሬ ኢማድ መጣ፤ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነው። ፍራሽና ብርድ ልብስ አሸክሞ፣ እስኪርቢቶ ይዞ።

"አባባ፣ ስምዎን ልመዝግብና ይኼን ይውሰዱ" አላቸው።

"ልመዝገብ?" ብለው ሳቁ። "ተመዝግቤ አይቼዋለሁ ልጄ። ይቅርብኝ።"

ኢማድ አልገባውም። መንገዱን ተሻግሮ "ምን ማለታቸው ነው ጋሽ ቢተው?" አለኝ።

"እርጅና ነው" አልኩት።


ሰኔ 16

ዝናብ። በረዶም ነበረው። ባለቤቴ ቦጋለች ትኩስ ሽሮ በሰሐን ከድና ራሷ ወሰደችላቸው። ሳይከፈት ተመለሰ። "እጅሽ ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ" ብለዋታል። በሰባት ሰዓት ምን በልተው እንደጠገቡ እግዜር ይወቅ።

"ኩራት ነው" አልኳት።

ቦጋለች ሰሐኑን እኔ ፊት አስቀምጣ ወጣች። በላሁት።


ሰኔ 22፣ እሑድ

የአሚራ ሻይ ቤት ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሚራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አፏ ስለት ነው፣ ለሰው ግን አንጀቷ አይችልም። ዛሬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ እሷ በራፉ ላይ ቆማ አያ አሕመዲንን ስትለማመጥ ሰማሁ።

"አፈር ስሆን አያ! ጓዳዬ ባዶ ነው። ከምድጃው ጀርባ ነው፣ ይሞቃል። ይግቡና ይደሩ። አንቱ እዚህ ብርድ ላይ ተኝተው እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?"

"ሌላ ሰው ብትሆኚ ዝም ብዬ ባለፍኩሽ" አሏት። "ዘሊካን ያጠብሽልኝ አንቺ ነሽና እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ከቅሬ የተሰረዝኩ ሰው ነኝ። ጓዳሽ ገብቼ ብሞትብሽ ጥሩምባ አይነፋ፣ ድንኳን አይተከል። ሬሳዬን አስተኝተሽ ደጅ ለደጅ ሰው ልትለምኚ ነው? በልመና የሚቀበር ሬሳ አልሆንም። በረንዳ ላይ ብሞት ግን የማንም ሸክም አይደለሁም።"

"ለአላህ ብሎ የሚመጣ አይጠፋም አያ።"

"ለዘሊካ ስንት ሰው መጣ?"

አሚራ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። እኔም ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የቅሬያችን፣ ሌላ አገር እድር የሚሉት፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ከቀብር መልስ እኔ ስም እጠራለሁ። ያለፈቃድ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ቢገባ ቅሬው አይወጣም። ሕግ ነው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።


ሐምሌ 3

አሁንም መኪና የለም። ነጭ ክር አለቀ።

አያ አሕመዲን የተሰረዙት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሁለቱን ጊዜ በእርግጥም ቀርተዋል፤ ዘሊካ ታማ ነበር፣ ፈቃድ ግን አልጠየቁም። ሦስተኛው አንድ የክርስቲያን ቀብር ላይ ነው። ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ። ሁለት ጊዜ ይሆናል። መልስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ሳይሞላ ዘሊካ ሞተች። ጥሩምባው አልተነፋም። አምስት ወንዶች ተሸክመዋት ሄዱ፤ መቃብሩን አያ አሕመዲን ራሳቸው ቆፈሩ። ሰፈሩ ቅሬው ካልወጣ ብሎ በየቤቱ ቀረ፤ አንዱ አንዱን እያየ። ቃሬዛው በሱቄ ፊት ሲያልፍ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዬ ስለሚጮህ አልሰማሁም ብያለሁ ለሰው። አምስት ሰው ደግሞ ምን ድምፅ አለው?


ሐምሌ 7

ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ክንዴን ተንተርሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ጉሙ ሱቁን ሞልቶታል፤ ዘሊካ ነጠላዋን ተከናንባ መሐሉ ላይ ቆማ ልክ እንድወስድላት ትጠብቃለች። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ ብስበው አያልቅም። ስስበው ስስበው በመስኮቱ ወጥቶ ዳገቱን ወረደ። እሷ አትቸኩልም። እኔ ግን ቁጥሩን ለማየት ዐይኔን አጠባለሁ፤ ሜትሩ ላይ ቁጥር የለም።

"ምን ልስፋልሽ?" አልኳት።

"ሰው" አለችኝ።

ስነቃ ጉሙ እውነትም ገብቷል፤ በሩን ሳልዘጋ ነው የተኛሁት። መቀሱ ረጥቧል። ማዶ ሳሉ አለ።


ሐምሌ 12

አንድ መላ መታሁ። የቅሬያችን ዳኛ አቶ አለምነው ዘንድ ሄጄ "ክረምቱ ከባድ ነው፤ አያ አሕመዲንን ምሕረት አድርገን ብንመልሳቸውስ?" አልኩት። ከተመለሱ አሚራ ጓዳ ይገባሉ፤ ማንም ምንም ሳይናገር ነገሩ ያልቃል።

"ልብህ ይባረክ ቢተው" አለኝ። ልቤ ይባረክ አለኝ!

አብረን ሄድን። አለምነው ጎንበስ ብሎ በወግ በወግ ነገራቸው። አያ አሕመዲን ቃጫውን ጉልበታቸው ላይ እያሹ ሰሙት።

"ምሕረት ለበደለ ሰው ነው" አሉ። "እኔ ምን በድዬ ነው የምትምሩኝ?"

"ሕጉ ነው እንጂ አያ..."

"ሕጉን አትንገረኝ። እኔ ዘንድ የጠፋ ነገር የለም። የጠፋ ካለ መዝገቡ ላይ ፈልጉት።"

ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም። አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ አለምነውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ስንመለስ አለምነው "ግትር ሽማግሌ! እኛ እጃችንን ዘረጋን፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩ።


ሐምሌ 16

አሚራ ነርስ ጠርታ አሳየቻቸው። ብርድ ደረታቸው ገብቷል። ሙቅ ቤት ካላደሩ ነሐሴን አይሻገሩም አለች ነርሷ። ክኒኑን በገመድ ለውጠው ተቀበሏት። ነርሷ ገመዱን ይዛ ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ሄደች።


ሐምሌ 20፣ እሑድ

የቅሬ ስብሰባ። ልናገር ብዬ ወጣሁ። ማለዳ ፊቴን ስታጠብ ቃሉን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ስም ጠራሁ። አለምነው "ሌላ የሚናገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። እጄን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ድንኳናችን ተቀዷል፤ በነጻ እሰፋዋለሁ" አልኩ።

ተጨበጨበልኝ።


ሐምሌ 21፣ ምሽት

ቦጋለች ተኝታለች። እንግዲህ ልጻፈው፤ ይህን ሁሉ ገጽ የዞርኩት ይህን ላለመጻፍ ነው።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ሟቹ ክርስቲያን ስለሆነ እስላሞቹ እንደ ልማዳቸው ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አድርሰው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሙ። ስም የሚጠራው ሁሉም በሚሰማበት፣ ውጭ ሜዳው ላይ ነው። እኔ ግን መዝገቡ እንዳይረጥብ ብዬ ደጀ ሰላሙ ጣራ ሥር ቆሜ ጠራሁ። ውጭ ላሉት ለእያንዳንዱ አንድ ሰው "አለ፣ ማዶ ነው" እያለ መለሰላቸው። አሕመዲን ስል ማንም አልመለሰም። ከግንቡ ማዶ ግን አንድ ድምፅ "አለሁ" አለ። ዝናቡን ሰንጥቆ መጣ። አንድ ጊዜ ነው የጠራሁት፣ አንድ ጊዜ ነው የመለሱት።

ድምፁ ይቅር። ያን ጠዋት ቃሬዛውን ከፊት በኩል እሳቸው በቀኝ እኔ በግራ ተሸክመን ነው የወጣነው። ትከሻ ለትከሻ! ዳገቱ ላይ ሲደክመኝ "አብሽር ቢተው፣ ደርሰናል" ብለውኛል። እኔ "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩባቸው።

ለምን? በዚያው ሳምንት የሰፋሁላቸውን ኮት ለብሰው ገበያ መሐል "ቢተው፣ ይኼ አንዱ እጅጌ የኔ ነው፤ ሌላኛው የማን ነው?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። ለጨዋታ ነው ያሉት፤ የኛ አገር ሰው ሳይቀልድ አይውልም። እኔ ግን ሳቁ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ለአንድ እጅጌ! ደግሞም እጅጌው እውነትም ይረዝም ነበር።

የቀብሩ ዕለት ማታውኑ ቤቴ መጡ። "ቢተው፣ አላየኸኝም?" አሉኝ።

"ስምዎ ሲጠራ አልመለሱም" አልኳቸው።

ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ አይተውኝ አያውቁም።

አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፤ ማርያምን ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ። ዘሊካ ቀደመችኝ። ከቀብሯ በኋላ ደግሞ መናገር ማለት እሷን በአምስት ሰው ያስቀበርኳት እኔ ነኝ ማለት ሆነ። አፌ ተሰፋ።


ሐምሌ 24

ዛሬ ጠዋት ሳሉ አልተሰማም።

ጉም ብቻ። ነጭ፣ ድምፅ የሌለው። መንገዱን ለመሻገር ሃያ ርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ስሄድ ስሄድ የምደርስ አልመሰለኝም። እግሬን እንኳ አላየውም ነበር። በረንዳው ላይ በጎናቸው ወድቀው አገኘኋቸው፤ ቃጫው እጃቸው ላይ እንደተጠመጠመ። ኡኡ ብዬ አሚራን ጠራሁ። ደረታቸው ይነሣል፣ በዝግታ ይወርዳል።

"እናስገባቸው፣ ያዥ በእግራቸው በኩል" አልኳት።

ዐይናቸውን ገለጡ። "አሚራ፣ ቃልሽን" አሉ።

አሚራ እጇን ሰብስባ ማልቀስ ጀመረች። ራሴን ብስት እንኳ እንዳታስገቢኝ ብለው ቃል አስገብተዋት ኖሯል። በሙቅ ውኃ ጠርሙስ እየሞላን ብብታቸው ሥር አደረግን፤ ትኩስ አጥሚት ከሻይ ቤቷ ገዝተው ጠጡ። አዎ፣ ገዝተው።

ቤት ገብቼ እርጥቡን ልብሴን ሳወልቅ ቦጋለች "ድምፃቸውን እኔም ሰምቻለሁ" አለችኝ።

"የቱን ድምፅ?"

"አለሁ ያሉትን። ከሴቶቹ ጋር ደጀ ሰላሙ ሥር ነበርኩ። ባሌ ነገ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ አራት ዓመት ጠበቅሁህ። አፌን መዝጋቴ የኔም ኃጢአት ነው። አሁን ግን ሽማግሌው ሳይሞቱ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።"

ከተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም።


ሐምሌ 25

አለምነው ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። አላመነኝም! "ሰውየውን ለማትረፍ ብለህ ነው ራስህን የምታጠለሸው፤ አንተ ደግ ሰው" አለኝ። ስዋሽ ያመነኝ ሰው እውነቱን ስናገር ማልልኝ አለ። ማልኩለት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ደኅና ሁን ሳይለኝ በሩን ዘጋ።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

አለምነው ስብሰባውን መጋዘኑ ፊት ለፊት አደረገው። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ነበር፤ ጉሙ ግን አልተነሣም። ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ቆሟል፤ ከፊት ያሉት ይታዩኛል፣ ከኋላ ያሉት ጥላ ናቸው። እንደ ሕልም ነበር። ሕልም በሆነልኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ቃሬዛውን፣ ግንቡን፣ "አለሁ" ያሉትን። እጅጌውንም ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው ብቻ ከጉሙ ውስጥ "አጀብ!" አለ። ቦጋለችም ወጥታ "እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ" አለች።

አያ አሕመዲን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። "አውፍ በሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነሣ፤ ጭቃ ነው" አሉኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ የነገሩኝ ቃል ይህ ብቻ ነው።

ቅሬው ጸሐፊነቱን ነጠቀኝ፤ ለአንድ ዓመት የድንኳኑን ምሰሶ እንድሸከም ፈረደ። ትንሽ ነው። መሰረዛቸው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠር ተባለ። ሽማግሌዎቹ "ምን እንካስዎ?" ብለው ጠየቋቸው።

"እኔን ተዉኝ" አሉ። "ለዘሊካ ሰው ይምጣላት።"


ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጥሩምባው ተነፋ። ከአራት ዓመት በፊት ለሞተች ሴት።

ድንኳኑን የፈረሰው ቤታቸው ላይ ተከልነው። ምሰሶውን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ግድግዳው የነበረበት ላይ ሣር በቅሏል፣ ጓዳው የነበረበት ላይ አደይ ሊያብብ ነው። ሰው ከየአቅጣጫው በጉም ውስጥ እየወጣ መጣ። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዛሬ የሞተች ይመስል። ያልወጡት ሁሉ ዛሬ ወጡ። ድንኳኑ አልበቃም፤ ዝናቡ ሲመጣም ማንም ከቦታው አልተነሣም። ፍልሰታ ስለገባ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ንፍሮ ብቻ ነው የቀረበው። ዱዓ ተደረገ፤ ሁላችንም አሚን አልን።

አያ አሕመዲን መሐል ላይ ተቀምጠው ለያንዳንዱ ሰው እጃቸውን ሰጡ። እስከ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ነበሩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት "ዘሊካ ምን አይነት ሴት ነበረች!" ስትል ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው አለቀሱ። "ይኸው መጡልሽ፣ ይኸው ሁሉም መጡልሽ" ይላሉ። እኔ ከድንኳኑ ውጭ ካስማው አጠገብ ቆሜ ሰማሁ።


ነሐሴ 6

ድንኳኑ ዛሬ ተነሣ። ምሰሶውን ካደረስኩ በኋላ ተመልሼ "አያ፣ ቤቴ ይምጡ። ቦጋለች ክፍል አሰናድታልዎታለች፣ አልጋ አለ፣ ፀሐይ የሚገባበት ነው" አልኳቸው። እንደ ልጅ ለመንኩ።

"ቢተው፣ አውፍ ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው፤ አላህ ያውቃል። ቤትህ ግን አልገባም።"

"ምነው አያ?"

"ገብቼ ስታየኝ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስልሃል።"

ቃጫቸውን ሰበሰቡ። አሚራ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ዛሬ በሩን ብቻ ሰፋ አድርጋ ከፈተች። ቢስሚላህ ብለው ገቡ።

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ደግሞም በአሚራ ቀናሁ።


ነሐሴ 14

መንገዱ ተከፍቶ ሁለት አይሱዙ ገባ አሉ። ጉሙ ዛሬ ቶሎ ተነሣ። በረንዳው ባዶ ነው። ሳሉ አልፎ አልፎ ከአሚራ ጓዳ ይሰማል፤ ቀጥኗል፣ ግድግዳ አለበት፤ እሱን ለመስማት በሬን ከፍቼ እውላለሁ።

ቦጋለች ለእኔ ፈትላ ያሠራችውን፣ ጠርዙን እኔ የቀመቀምኩትን አዲስ ጋቢ ለአሚራ ሰጥቼ "ስጪያቸው፤ የማን እንደሆነ እንዳትነግሪ" አልኳት። ከሰዓት በኋላ አጥፋ መልሳ አመጣችው።

"ነገርሻቸው አይደል?"

"ወላሂ አልነገርኩም! ገልጠው ቅምቅማቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና 'ለባለቤቱ መልሺለት' አሉኝ።"

"ሌላስ ምን አሉ?"

"'በሩን ከፍቶ ነው የሚውለው፤ እሱም ይበርደዋል' አሉ።"

አሚራ ከሄደች በኋላ ጋቢውን ለበስኩ። በሩን ግን አልዘጋሁትም።